ለእማየ፣ ስለ እጅሽ

እማየ እንዴት ከረምሽ፣ የጣና ነፋስ ወገብሽን አላስቸገረሽም? ይሄን የጻፍኩልሽ ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ በስልክ ስነግርሽ "ተወው ልጄ እርጅና ነው" እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው።

ለፋሲካ ስመጣ አይቼሻለሁ። ቡናውን በጎረቤት አስቀድተሽ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ደብቀሽ ተቀመጥሽ፣ አንቺ፣ ስንት ዘመን ጠብታ ሳታፈሺ የቀዳሽ ሰው! ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪና ላይ አለቀስኩ።

መጀመሪያ ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ የሱ መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ እጅ ሲያርፍ ነው የሚብሰው፣ ያንቺ እጅ ጭንሽ ላይ ሲያርፍ ፀጥ ይላል፣ ሚንቀጠቀጠው ጀበናውን ስታነሺ ነው፣ አያቴም እንደዛ ነበረች አይደል? እንዲህ በዘር የሚሄድ ሌላ መንቀጥቀጥ አለ፣ እሱ ይሁን አይሁን ሐኪም ነው ሚለየው።

ደሞ መድኃኒት እምቢ ላለው ውጭ አገር ጭንቅላት ሳይከፍቱ በአልትራሳውንድ ያክማሉ፣ አሜሪካ በ2016 ነው የፈቀዱት። የእህቴን ፅንስ ያየንበት ዓይነት ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ፀጉር ተላጭቶ እንደ ቆብ ያለ ነገር ይጠለቃል፣ ከ1000 በላይ የድምፅ ምንጭ አለው፣ ራስ ቅሉ እንዳይግል ቀዝቃዛ ውሃ ይዞርበታል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ደካማ ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሁሉም የሚገናኙባት ታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለች የጥቂት ሚሊሜትር ቦታ ግን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ትግላለች፣ እጁን የሚያንቀጠቅጠው መልእክት እዛ ጋ ይቋረጣል። የአባየን መነጽር ሰርቀን በፀሐይ ደረቅ ደንገል ስናቃጥል የገረፍሽን ትዝ ይልሻል? መነጽሩ ራሱ አይግልም ነበር፣ ጭሱ የሚወጣው ብርሃኑ ከተሰበሰበባት ነጥብ ብቻ ነው። በቃ እንደሱ ነው።

የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው ማሽን፣ በኤምአርአይ፣ ሙቀቱን እያዩ መጀመሪያ ለዘብ አርገው ይሞክራሉ፣ ታማሚው ነቅቶ ነው ያለው፣ በየመሀሉ ክብ ሳል ይሉታል፣ መስመሩ እየተስተካከለ ሲሄድ ያያሉ። አንዳንዱ ሰው በኋላ ይደነዝዘዋል ወይ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ መንቀጥቀጡ የሚመለስበትም አለ፣ ይሄንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ነገ ውጭ እንሂድ እያልኩሽ አይደለም እማየ። መጥቼ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ካርድ አውጥተን ሐኪም ይይሽ ነው የምልሽ። አስምሽን እንዳትደብቂያቸው አደራ፣ ለመንቀጥቀጥ ሚሰጡት ፕሮፕራኖሎል ለአስም አይስማማም።

ስመጣ ቡናውን አንቺ ነሽ ምትቀጂልኝ። ቢፈስ ይፍሰስ፣ እኔ እጠርገዋለሁ።

ልጅሽ