ማኅተም የተመታባቸውን ፈልጊልኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም በጣም ሰላም ብሎሻል። ከሳኦ ፓውሎ የእሑድ ገበያ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሻጩ የዘረጋልሽ ያልታጠፈ፣ እጅ ያልነካው ኖት ብቻ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። «እማ፣ ለአሮጌ ኖት ስብስብሽ የትኛውን ልግዛልሽ?» ብለሽ ነበር። መልሱ ረዘም ስለሚል በስልክ ከምነግርሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ የምፈልገው ማኅተም የተመታባቸውን ነው። ብራዚል ከ1986 እስከ 1994 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ገንዘቧን አምስት ጊዜ ቀይራለች፤ ክሩዜይሮው ክሩዛዶ ሆነ፣ ከዚያ ክሩዛዶ ኖቮ፣ እንደገና ክሩዜይሮ፣ ቀጥሎ ክሩዜይሮ ሬያል፣ መጨረሻ ላይ ዛሬ የምትገበያዪበት ሬያል። በሦስቱ ለውጦች ሦስት ሦስት ዜሮ ተቆርጧል፤ በመጨረሻው ደግሞ 2,750 ክሩዜይሮ ሬያል በ1 ሬያል ተመነዘረ። አባዢው። ከ1986ቱ ለውጥ በፊት የነበረው ክሩዜይሮ 2 ትሪሊዮን 750 ቢሊዮኑ 1 ሬያል መሆኑ ነው፤ ያውም በስምንት ዓመት ውስጥ። እኛ አገር፣ በራሳችን አቆጣጠር በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖት ሲቀየር የባንኩን ሰልፍ በዓይንሽ አይተሻል፤ ያኔ የተቀየረው ወረቀቱ እንጂ የብሩ ቁጥር አልነበረም። እዚያ ግን ቁጥሩ ራሱ ነበር የሚቀየረው።

አዲስ ኖት አዘጋጅቶ አገር ለማዳረስ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ በአሮጌው ኖት ላይ የአዲሱን ገንዘብ ስምና ዋጋ እየደረበ ያወጣ ነበር። የ1986ቱ ማኅተም ክብ ነው፣ የ1989ኙ ሦስት ማዕዘን፣ የ1990ው አራት ማዕዘን። ቋንቋውን ባታውቂም ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቅርጹን አይተሽ ትለያለሽ። ከሦስት ማዕዘኖቹ ደራሲው ማሻዶ ደ አሲስ ያለበትን አትለፊው። በ1987 የወጣው በ1,000 ክሩዛዶ ነበር፤ በ1989 ማኅተሙ አረፈበትና 1 ክሩዛዶ ኖቮ ሆነ። የሰውየው ፊት አልተለወጠም፣ ወረቀቱም ያው ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን አራት ማዕዘኑን፣ ገጣሚዋ ሴሲሊያ ሜይሬሌስ ያለችበትን ባለ 100 ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር መጋቢት 1990 ሥልጣን በያዙ ማግሥት የገንዘቡ ስም ከክሩዛዶ ኖቮ ወደ ክሩዜይሮ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ዜሮ አልተነሣም፣ 1 በ1 ነበር። ታዲያ ዜሮ ካልተነሣ ስሙን መቀየር ለምን አስፈለገ? ሰው በባንክ ካለው ሂሳብ እስከ 50,000 ድረስ ያለው ብቻ በአዲሱ ስም ወጪ ተፈቀደለት። ከዚያ በላይ ያለው በአሮጌው ስም እንደተመዘገበ ማዕከላዊ ባንኩ ዘንድ ለ18 ወር ታገደ። ባለማኅተሙ ኖት እንግዲህ እጅ የገባው ገንዘብ ነው፤ የቀረው መዝገብ ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ሆነ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከገንዘብ ከፋይ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቤት ለመሥራት፣ ሕመምተኛ ለማሳከም ያጠራቀመ ሰው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ በመስኮቱ ማዶ ያለችው ልጅ ምን ብላ እንደመለሰችለት አስባለሁ። ያቺ ኖት በእሷ እጅ ያለፈች ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው የታጠፈውን፣ ጠርዙ የለሰለሰውን የምመርጠው። ሰብሳቢ ሁሉ ንጹሑን እንደሚያከብር አውቃለሁ፤ ለሚነግድበት ልክ ነው። ለእኔ ግን ገበያ ያልወጣ ኖት ግማሹ ታሪክ የጎደለው ነው።

አንድ ብቻ ለውበቱ ስል የምለምንሽ አለ፤ በ1978 የወጣው ባለ 1,000 ክሩዜይሮ። ንድፉን የሠራው አሎይዚዮ ማጋልያዬስ ነው። የዲፕሎማቱን የባሮን ዶ ሪዮ ብራንኮን ፊት እንደ መጫወቻ ካርታ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ቀጥ አንዱን ግልብጥ አድርጎ አስቀምጦታል። ኖቱ ላይና ታች የለውም። ቀኑን ሙሉ ኖት እያቀና ሲደረድር ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አንቺ አይገባሽም ይሆናል!

ስትገዢ ማኅተሙን ጠጋ ብለሽ እዪ። እውነተኛው በማተሚያ ማሽን የታተመ ስለሆነ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙ ፈስሶ ወይም ተድበስብሶ ካየሽው በእጅ የተመታ ነው፣ ተዪው። ወደ ብርሃን አንሥተሽ የውሃ ምልክቱንም ተመልከቺ። ሻጩ «አጥቤ ተኩሼዋለሁ» ካለሽ አመስግነሽ እለፊ፤ መታጠብና መተኮስ ወረቀቱን ይገድለዋል። ተለጣፊ ፕላስተር ያለበትንም አልፈልግም። ፒቪሲ ከተባለው ለስላሳ ላስቲክ የተሠራ ማኅደር ውስጥ ከሰጠሽ አውጥተሽ መጽሐፍ መሐል አድርገሽ አምጪው፤ ያ ላስቲክ እያደር ኖቱን ያበላሻል።

ቦነስ አይረስ የምታድሪ ከሆነ ደግሞ እሑድ ሪቫዳቪያ መናፈሻ ሰብሳቢዎች ይሰበሰባሉ። የ1981ዱን ባለ 1 ሚሊዮን ፔሶ ያሳዩሻል፣ ዜሮው ስለበዛ ሁሉም ይወደዋል። እኔ ግን የ1985ቱን፣ 1,000 ፔሶ አርጀንቲኖ ላይ 1 አውስትራል የታተመበትን ነው የምፈልገው። ከቦሊቪያም በ1984 እና በ85 የወጡ ቼክ የሚመስሉ ኖቶች ካገኘሽ ጠይቂ፤ እስከ 10 ሚሊዮን ይደርሳሉ፣ በ1987 ሚሊዮኑ 1 ቦሊቪያኖ ሆኗል። እነዚህ ወደድ ካሉ ይቅሩ፣ የሴሲሊያ ግን አትቅርብኝ።

ከመክፈልሽ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ላኪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አያለሁ፣ ስልኬን አላጠፋም። ከበረራ በኋላ ደክሞሽ ከሆነ ግን ገበያው ይቅር፣ ተኚ።

እናትሽ