ፔን ስቴትን በሁለት ልጅ ለሰፈራችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ምልመላ፣ ማለትም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለፉትቦል ቡድናቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለሚያስፈርሙበት ፉክክር፣ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። በንዴት ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ደገምኩት። ሁለተኛው ንባብ ባሰ።

ዘገባውን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእኔ እንኳ ከየአቅጣጫው ነው የተላከልኝ፤ ለምን እንደተላከልኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ ሙሉውን አልደግመውም። እኔን የያዘችኝ አንዲት ቦታ ናት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጎረቤቱን ፔን ስቴትን (የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን) በዘንድሮ ምልመላ እንዳንበረከከው ትጽፉና፣ ለማስረጃ ፔን ስቴት ያስፈረመው «ሁለት ተጫዋች ብቻ» መሆኑን ትጠቅሳላችሁ። «ሁለት» የምትለዋን አድምቃችኋታል። ቀጥላችሁ ደግሞ «መላው የአካባቢው ሐበሻ» በዚህ እንደተደሰተ ታበስራላችሁ።

የትኛው አካባቢ? የትኛው ሐበሻ?

እኔ የምኖረው ፊላደልፊያ ነው። እዚህም ሐበሻ አለ። ቤተ ክርስቲያን አለን፣ ዕድር አለን፣ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ አለን። ልጆቻችንም ይማራሉ፤ የእኔዋ ፔን ስቴት ገብታ ነው የተመረቀችው። ለእናንተ ግን ሐበሻ ማለት የዋሽንግተን ዙሪያ ብቻ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ አሌክሳንድሪያ ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። ስንድር አትመጡም፣ ስንሞት አትዘግቡም። ቡድናችን ሲወድቅ ግን ቀድማችሁ ደረሳችሁ።

ወደ ቁጥሯ ልመለስ።

ሁለት ማለታችሁ ውሸት አይደለም። ዲሴምበር 3 ቀን 2025፣ ተማሪዎቹ መፈረም በሚጀምሩበት የመጀመሪያው የፊርማ ቀን ላይ፣ ፔን ስቴት በእርግጥም ሁለት ልጆች ብቻ አስፈረመ። አንድ ኳርተርባክ (ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው)፣ አንድ የመከላከል መስመር ተጫዋች። ሁለቱም የፔንሲልቬኒያ ልጆች ናቸው። ያ ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደነበር ግን አንዲት መስመር አልጻፋችሁም። እንግዲህ እኔ ልጻፍላችሁ፤ ደመወዝ አልጠይቅም።

ፔን ስቴት የውድድር ዓመቱን የጀመረው ከመላ አገሪቱ ሁለተኛ ተብሎ ነው። ከዚያ በኦሬገን ተጨማሪ ሰዓት ላይ ተሸነፈ። ቀጥሎ እስከዚያ ቀን አንድም ጨዋታ ባላሸነፈው ዩሲኤልኤ ተሸነፈ። ቀጥሎ ደግሞ በገዛ ሜዳው በኖርዝዌስተርን በአንድ ነጥብ። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 12፣ ከ2014 ጀምሮ ቡድኑን የመራው ጄምስ ፍራንክሊን ተባረረ። ኖቬምበር ላይ ቨርጂኒያ ቴክ ወሰደው። ለፔን ስቴት ቃል ገብተው ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ ተከትለውት ሄዱ። ምን ያድርጉ? ልጅ ለሕንፃ አይፈርምም። ቤቱ መጥቶ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ እናቱን «ልጅሽን እኔ አለሁለት» ላላት ሰው ነው የሚፈርመው።

ዲሴምበር 3 ሲደርስ ፔን ስቴት ገና አሰልጣኝ ይፈልግ ነበር። የአዮዋ ስቴቱ ማት ካምቤል መምጣቱ የታወቀው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። ይኸውላችሁ። ቋሚ አሰልጣኝ በሌለበት ቀን ስንት ልጅ እንደፈረመ ቆጥራችሁ፣ ያንኑ ቁጥር አሁን፣ ካምቤል ሌሎች ከጨመረ በኋላ፣ እንደ ትኩስ ዜና አቀረባችሁት። ገና ድንኳኑ እየተተከለ ገብቶ «ሰው አልመጣላቸውም» ብሎ የሚያወራ የሰርግ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ናችሁ።

አሁን ደግሞ ቡድኖች በምልመላ ስለሚሰጣቸው ደረጃ። «ሰንጠረዡ ራሱ ይናገራል» ብላችኋል። ሰንጠረዡ የሚናገረውን የሚሰማ ቢኖር ጥሩ ነበር። ደረጃ የሚያወጡት ድረ ገጾች ለእያንዳንዱ ልጅ ነጥብ ይሰጣሉ። ዋነኛው ቀመር ምርጦቹ ልጆች ላይ ብዙ ክብደት ይጥላል፤ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ይቀንሳል። ብልህ ቀመር ነው፣ አልከራከርም። ግን በስተመጨረሻ ድምር ነው። ሁለቱ ልጆች ሰማይ የነኩ ቢሆኑ እንኳ ድምራቸው ከሃያ መካከለኛ ልጆች በታች ይሆናል። ለዚህ ነው ከድምሩ አጠገብ አማካይ የሚል ሌላ ዓምድ ያለው። ያቺን ዓምድ ለማየት ገጹን ወደ ጎን አንድ ጊዜ ሸርተት ማድረግ ይበቃል። በስልክም ይሠራል።

ሌላም አለ። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በትራንስፈር ፖርታል (ቡድን መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን በሚያስገባበት መዝገብ) የሚመጡት እዚያ ውስጥ የሉም። ፖርታሉ በ2018 ተከፈተ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ ሳይጠብቅ መዛወር ቻለ። በዚያው ዓመት በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለስፖርተኞቹ ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ካምቤል ሲመጣ ከአዮዋ ስቴት ብዙ ተጫዋች ይዞ ነው የመጣው፤ ለዓመታት በቋሚነት የተጫወተውን ኳርተርባኩን ሮኮ ቤክትን ጨምሮ። ይህ በእናንተ ዘገባ ስንት ቦታ ተጠቀሰ? ዜሮ። ከሁለትም ያነሰ ቁጥር አገኘሁላችሁ።

በነገራችን ላይ ካምቤል ከምልመላ ሰንጠረዥ ጋር የቆየ ጸብ ያለው ሰው ነው። አዮዋ ስቴት እያለ ብሮክ ፐርዲ የሚባል፣ ድረ ገጾቹ ከአምስት ኮከብ ሦስት የሰጡት ኳርተርባክ አስፈርሞ ነበር። ልጁ በ2022 የኤንኤፍኤል ድራፍት፣ የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ 262ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ሆኖ ተመረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውል ላይ ቡድኑን መርቶ ሲገባ ያየነው እሱን ነው።

ኮከብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። አላጋንንም። ዋና ዋናዎቹ ድረ ገጾች በዓመት አምስት ኮከብ የሚሰጡት ለሰላሳ ለሚሆኑ ልጆች ነው፤ በኤንኤፍኤል ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ቁጥር ልክ። ከእነሱም ብዙዎቹ የተባለላቸውን ያህል ይሆናሉ። ጆርጂያና አላባማ ዋንጫ የደረደሩት በጸሎት ብቻ አይደለም። ግን ተቀናቃኝን ከተቀናቃኝ ለማወዳደር ፌብሩዋሪ ላይ ሰንጠረዥ አይቶ ፍርድ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ኦሃዮ ስቴት በምልመላ ከሚሺጋን በላይ መቀመጥ ልማዱ ነው። ከ2021 እስከ 2024 ግን ሚሺጋን አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 ያስፈረመው ስብስብ በታሪክ ከፍተኛው ተብሎ ተዘምሮለታል። በዚያው ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኙን ሲያባርር ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ታቀፈ። ልጆቹም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ።

ኢንዲያናስ? ኢንዲያናን እንኳ እናንተ ፊት ባላነሳው ደስ ባለኝ፤ ቁስሉ አልጠገገም። ለዘመናት የሽንፈት ምሳሌ የነበረ ቡድን ነው። አሰልጣኝ ኩርት ሲግኔቲ መጣ፣ ከቀድሞ ቡድኑ ከጄምስ ማዲሰን አብረውት የመጡ ልጆችን አሰለፈ፣ ከፖርታል ሌሎች ጨመረ። ኖቬምበር 8 ቀን እኛ ሜዳ መጡ። ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀር እየመራን ነበር። ኳሷ ከሜዳው ጫፍ በላይ ተወረወረች። ተቀባዩ አየር ላይ እንዳለ ያዛት፤ አካሉ ሁሉ ከመስመር ወጥቷል፣ አንድ የጫማው ጫፍ ብቻ ሣሩን ነካ አደረገ። ያቺ የጫማ ጫፍ በቀስታ እየተደጋገመች ስትታይ የነበረኝን ስሜት አልጽፈውም። 27 ለ24። ኢንዲያና ከዚያም አንድ ሳይሸነፍ ጃንዋሪ ላይ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በምልመላ ሰንጠረዥ ከታላላቆቹ ተርታ የማይጠራ ቡድን! ዘገባችሁ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑን ሳስብ፣ የጻፈው ሰው ጃንዋሪን በሙሉ ተኝቶ ነው ወይ እላለሁ።

አሁን ለምን ከየአቅጣጫው እንደተላከልኝ ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ተወዳጅ ሰው ነው፣ እግዜር ይጠብቀው። ዘገባችሁ በወጣበት ቀን ንጋት ላይ ሊንኩን ላከልኝ። ከሥሩ የሁለት ጣት ምልክት። ከዚያ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቀው። አሁን ግሩፑ ውስጥ ማንም ሰው ምንም ቢጠይቀኝ መልሱን እሱ ነው የሚሰጠው፦ «ሁለት»። ለለቅሶ ሄጄ ቁጭ ባልኩበት አጠገቤ መጥቶ «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ? ሁለት?» አለኝ። በለቅሶ ቤት! ሴትየዋ ቡና ስትቀዳ «ለእሱ ሁለት ስኳር» አለላት። እኔ ስኳር ካቆምኩ ቆይቷል።

ይህ ሰው ሜሪላንድ ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ጀምሮ፣ ሕጉ ሳይገባኝ፣ በዚያ ብርድ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ መሐል ቆሜ ነው ይህን ጨዋታ የለመድኩት። ጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ አራተኛ ሙከራ ምን እንደሆነ በጓንታቸው ጣት እየቆጠሩ አስረድተውኛል። እና አሁን እኔ በአክስቴ ልጅ ልሰደብ? በእናንተ ማስረጃ?

ተቀናቃኝ ስላላችሁት ደግሞ ትንሽ ታሪክ። ሜሪላንድ ፔን ስቴትን በታሪክ ያሸነፈው ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1961፣ በ2014 እና በ2020። በ2014 እንዲያውም ካፒቴኖቻቸው ከጨዋታው በፊት እጅ አንጨብጥም ብለው ነበር፤ አሸነፉም፣ 20 ለ19፣ ጨዋነታቸውን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት። በ2019 እዚያው ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ሜዳ ድረስ፣ ሄደን 59 ለ0 አሸነፍን። በ2024 ደግሞ 44 ለ7። ሜሪላንድ የ2025ን ውድድር አራት ተከታታይ ድል ይዞ ጀመረና ስምንቱን ቀሪ ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ይህን የምጽፈው ለማላገጥ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማላገጥም ነው።

የሚያበሳጨኝ ግን እውነተኛው የሜሪላንድ ዜና እጃችሁ ላይ መሆኑ ነው። ባለ አምስት ኮከብ የባልቲሞር ልጅ፣ ከሴንት ፍራንሲስ አካዳሚ፣ አገሩ ቀረ። እኛ ፔንሲልቬኒያ ያለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ እናውቃለን፤ ምክንያቱም ልጆቻችሁን ስንወስድ የኖርነው እኛው ነን። በ2005 ከአገሪቱ አንደኛ ከተባሉት አንዱ የነበረው ዴሪክ ዊሊያምስ የግሪንቤልት ልጅ ነው። ግሪንቤልት ከኮሌጅ ፓርክ ጋር ድንበር ይጋራል። ልጁ ጎረቤቱን ጥሎ ፔን ስቴት መጣ፤ በዚያው ዓመት 11 አሸንፈን አንድ ብቻ ተሸነፍን። ቼዝ ያንግ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሃያትስቪል ካለው ዴማታ ትምህርት ቤት ወጥቶ ኦሃዮ ስቴት ገባ። ኬለብ ዊሊያምስ ዋሽንግተን ከተማ መሐል ካለው ጎንዛጋ ወጥቶ ኦክላሆማ። ጄምስ ፍራንክሊን ራሱ እኮ ሜሪላንድ ውስጥ ወራሽ አሰልጣኝ፣ ዋናው ሲወርድ ቦታውን የሚረከብ፣ ተብሎ ተሰይሞ ነበር፤ ጥሏቸው ሄደ። ይህን ሁሉ ዓመት ከደጁ የወጣበትን ልጅ በስተርጅና ማስቀረት የጀመረ ቡድን! ይህ ታሪክ አይጻፍም? ይህ አይነበብም? እናንተ ግን «ሁለት» ብላችሁ አደመቃችሁና ተኛችሁ።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ቁጥሯን ከነቀኗና ከነምክንያቷ አርሟት። «መላው የአካባቢው ሐበሻ» የሚለውን አውጡት፤ ወይም የዴላዌርን ግዛት አቋርጣችሁ መጥታችሁ ጠይቁን። ሦስተኛው፣ ባለፈው ክረምት ስለ ማኅበረሰባችን የልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤት የላክሁላችሁ ጽሑፍ መልስ አላገኘም። እዚያ የሚማሩት ልጆች ከሁለት ይበልጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊላደልፊያው አንባቢያችሁ

ግልባጭ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚገኘው ለአክስቴ ልጅ