ለደንበኞቻችን፦ ድብልቁ ሣጥን ለምን እንደቀረ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጥቃቅን የወታደር ቅርጾች የያዘውን ድብልቁን ሣጥን መሸጥ ማቆማችንን ካሳወቅን ወዲህ የጻፋችሁልንን ሁሉ አንድም ሳናስቀር አንብበናል። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ስትጠብቁ ለነበራችሁት መሰረዙን በሁለት መስመር መልእክት ብቻ ማሳወቃችን ስሕተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ገንዘቡ ተመልሷል። ያልደረሰው ካለ ይንገረን፣ በዚያው ቀን እንከታተላለን።

ውሳኔውን ግን አናጥፈውም። በቦታው ያወጣነው አዲሱ ሣጥን ስለሚወደድ «ዋጋ ለመቆለል የተፈጠረ ሰበብ ነው» ያሉን ከአንድ ሰው በላይ ናቸው፤ ይህ ቃል ቀላል ሆኖ አላለፈንም። ስለዚህ ረዘም አድርገን ልናስረዳችሁ ተገደናል።

ለአዲስ ደንበኞች እንንገር። ድብልቁ ሣጥን 24 የናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ እግረኞች የያዘ፣ በኦክ እንጨት የተሠራ ሣጥን ነበር። ወታደሮቹን ከአራት አምራቾች ጥሬያቸውን ገዝተን፣ እዚሁ ለንደን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እንቀባቸው ነበር። ዋጋው 216 ፓውንድ ነበር፤ አንዱ ወታደር 9 ፓውንድ መሆኑ ነው። ሱቁ በእግሩ የቆመው በዚህ ሣጥን እንደሆነ እናውቃለን፤ እናንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በቀላሉ አይተወውም።

በአራቱም አምራቾች ዝርዝር ላይ የተጻፈው «54 ሚሊሜትር» ነው። ካሊፐር (ሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ይዛችሁ ስትለኩ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። 170 ሳንቲሜትር የሚረዝም ሰው በ1/32 ስኬል (ከእውነተኛው ልክ 32 ጊዜ አንሶ ሲሠራ) 53 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ1/30 ደግሞ ወደ 57 ሚሊሜትር ይጠጋል። አራት ሚሊሜትር የማይሞላው ይህ ልዩነት ለብቻው ለቆመ ወታደር ምንም አይደለም። ትከሻ ለትከሻ ሲሰለፉ ግን ዓይን ሰልፉን የሚያነበው በመስመር ነው፦ የዓይኖች መስመር፣ ደረት ላይ የሚሻገሩት የነጭ ጠፍሮች መስመር፣ የጠመንጃ አፎች መስመር። አንዱ መስመር ከተሰበረ ሰልፉ ይፈርሳል። የጠመንጃው ነገር ደግሞ ይብሳል። የፈረንሳይ እግረኛ የያዘው የ1777ቱ ጠመንጃ 152 ሳንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በ1/32 ከ47 ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፣ በ1/30 ከ50 ያልፋል። አንድ ሰልፍ ውስጥ ረጅም ጠመንጃ የያዘ አጭር ወታደርና አጭር ጠመንጃ የያዘ ረጅም ወታደር ሲጎራበቱ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

እባካችሁ ስትለኩ ከቆብ ጫፍ አትነሡ። ሻኮው፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የቆመው የወታደር ቆብ፣ እና የድብ ቆዳው ቆብ ቁመቱን ይሸፍኑታል። ከተረከዝ እስከ ዓይን ለኩ፤ መቆሚያውን አትቁጠሩ። መቆሚያዎቹም አንድ አይደሉም፤ ከአራቱ አምራቾቻችን የአንዱ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው የሌላው 3 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ልክ ያለው ልዩነት እስከ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ከአጭሩ መቆሚያ ሥር 1 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ሉህ ለጥፎ ማስተካከል ይቻላል፤ ለዓመታት ስናደርግ የቆየነውም ይህንኑ ነው። ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ ግን ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ ጭንቅላቱ፣ እጁና የጀርባ ሻንጣው ሁሉ ትልቅ ነውና። ባለፈው ዓመት ከአምራቾቹ አንዱ ቅርጾቹን አሳድጎ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሉሁ አልበቃም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ትልልቅ ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። የእንግሊዙ አምራች ብሪቴንስ ከ1893 ጀምሮ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ (ሊድ) ወታደሮችን ያወጣ ነበር፤ እነሱ 54 ሚሊሜትር ናቸው፣ ቀለማቸውም አንጸባራቂ ነው። ዛሬ በዚያው ስም የሚወጡት ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ያላቸው ወታደሮች ግን ወደ 1/30 ይጠጋሉ። የኪንግ ኤንድ ካንትሪና የፈርስት ሊጅንም 1/30 ናቸው። የፈረንሳዩ ሚኞ ድፍን እርሳስ ነው፤ ይከብዳል፣ ያበራል፣ ቅርጹም የአሻንጉሊት ወግ አለው። የአሮጌ ብሪቴንስ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ከፈርስት ሊጅን አጠገብ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። አንዱ መጫወቻ፣ ሌላው የተኮሳተረ ሐውልት ይመስላል። በሣጥኑ ላይ ያለው ስም አይምራችሁ፤ ካሊፐሩና የቀለሙ ዓይነት ይምሯችሁ።

ይህን ስንል የተለያዩ አምራቾችን አትሰብስቡ ማለታችን አይደለም። እኛስ የምንኖረው በዚያ አይደል? ጉዳዩ አቀማመጡ ነው። 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ካላችሁ የ1/30ዎቹን ከፊት፣ የ1/32ዎቹን ከኋላ፣ የፔሪን 28 ሚሊሜትር ከዚያ ኋላ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ፣ የኤርፊክስን 1/72 ደግሞ በመጨረሻው ጠርዝ ላይ አድርጉ። ዓይን ማነሱን እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። በየደረጃው መካከል አጥር፣ ቁጥቋጦ ወይም ከጥጥ የተሠራ የባሩድ ጭስ አስገቡ፤ ሁለቱ ልኮች ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ማድረግ ነው ምሥጢሩ። ፈረሰኞችን በሚመለከት ደግሞ አንድ አምራች ብቻ በአንድ መስመር ይሁን፤ የፈረስ ልዩነት ከሰው ልዩነት ይልቅ ቶሎ ይታያል። ጥሩር ለባሾቹ ከባድ ፈረሰኞች በትንንሽ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ከማየት የበለጠ የሚያስከፋ ነገር የለም።

እዚህ ለንደን ያላችሁ፣ ቼልሲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሄዳችሁ የካፒቴን ሳይቦርንን የዋተርሉ ሞዴል ተመልከቱ። በ1838 ለሕዝብ የቀረበ ነው፤ 75,000 ያህል ጥቃቅን ወታደሮች አሉበት። ለየብቻቸው ቢታዩ እነዚያ ወታደሮች ምንም አይደሉም። በአንድ ልክ ስለተሠሩ ግን ጦር ሆነው ይታያሉ።

አሁን ወደ 24 ቁጥር እንምጣ፤ አዲሱ ሣጥን ለምን እንደተወደደ የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። በ1808 በወጣው አዋጅ የፈረንሳይ መደበኛ ሻለቃ ስድስት ሻምበሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 140 ሰው፣ በጠቅላላው 840። ይህን ለ24 ስታካፍሉት አንድ ወታደር ለ35 ሰው ይቆማል፤ ለአንድ ሻምበል አራት አራት ይደርሳል ማለት ነው። አራት ግሬናዲየር (የተመረጡ ግዙፍ ወታደሮች)፣ አራት ቮልቲዠር (ፈጣን ቀላል እግረኞች)፣ 16 ፉዚሊየር (ተራ እግረኞች)። በፉዚሊየሮቹ ሻኮ ላይ ያለው ጉብ (ፖምፖም የሚባለው ጌጥ) የየሻምበሉን ቀለም ይይዛል፦ የአንደኛው አረንጓዴ፣ የሁለተኛው ሰማያዊ፣ የሦስተኛው ብርቱካናማ፣ የአራተኛው ሐምራዊ። በድብልቁ ሣጥን ይህን መጠበቅ አልቻልንም። ግሬናዲየር የሚልክልን አንዱ አምራች ብቻ ነበር፤ እሱም ሲዘገይ ሣጥኑ በፉዚሊየር ይሞላ ነበር።

ሌላም አለ። ሻኮው ለመደበኛ እግረኛ የተፈቀደው በ1806 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በጎንና ጎን የሾለው ባርኔጣ ነው። ፊት ለፊቱ እስከ ወገብ የተዘጋው አጭር ኮት ደግሞ በ1812 ደንብ የመጣ ነው። ከአራት አምራቾች ስንቀበል የ1805 ባርኔጣና የ1812 ኮት በአንድ ሻለቃ ይቆሙ ነበር። ከእናንተ መካከል ይህን አይተው ዝም ያሉን አሉ፤ ምስጋናችን የላቀ ነው፣ ነገር ግን ዝም መባል የሚገባን አልነበረም።

«ሁለተኛው ሣጥኔ ንስር የለውም፣ አጭበረበራችሁኝ» ብለው የጻፉልን ደንበኛም አሉ። ከ1808 ወዲህ ንስሩ፣ ማለትም በዘንግ ጫፍ ላይ የሚቆመው አርማ፣ ከበርካታ ሻለቆች ለሚዋቀር ሬጅመንት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንደኛው ሻለቃ ጋር ይጓዛል። ሁለተኛ ሣጥን የገዛ ሰው ሁለተኛ ሻለቃ ነው የገዛው። ንስር ብንጨምርበት እናሳስተው ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀን ግን የእንጨቱ ሣጥን ነው። ውበቱን እንወደው ነበር። ዳሩ ግን ኦክ ከራሱ የአሴቲክ አሲድ ተን ያወጣል፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሲድ ነው። ኤምዲኤፍና ፕላይውድ የሚባሉት በሙጫ የተጣበቁ ጣውላዎችም እንዲሁ ናቸው። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት የሲሊኮን ማጣበቂያም ከዚሁ ይመደባል። ተኑ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ እርሳስን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ሰብሳቢዎች የእርሳስ በሽታ የሚሉት ይህን ነው። መጀመሪያ የሚታየው ከመቆሚያው ሥርና በቀጫጭኑ የፈረስ እግሮች ላይ ነው፤ ቀለሙ ያብጥና ግራጫ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ከአራቱ አምራቾቻችን ሁለቱ እርሳስ ያለበት ቅይጥ ይጠቀማሉ፤ አንድ ሣጥን ውስጥ ግማሹ ሲታመም ግማሹ ጤነኛ የሆነው ለዚህ ነው።

በጥርጣሬ አልወሰንንም። ከሣጥኑ ስንጣሪ፣ የጸዳ የእርሳስ ቁራጭና ጥቂት የውኃ ጠብታ በተዘጋ ብልቃጥ አድርገን ሙቅ ቦታ አስቀመጥን። እንጨት የሌለበት ሁለተኛ ብልቃጥም ለማነጻጸሪያ አዘጋጀን። ሙዚየሞች ይህን ሙከራ በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ28 ቀን ያደርጉታል፤ እኛም 28 ቀን ጠበቅን። እንጨት ያለበት እርሳስ ነጭ ሆነ፤ የሌላው ምንም አልሆነም። ይህን አይተን ሣጥኑን መሸጥ መቀጠል አልቻልንም።

የኦክ ሣጥን ያላችሁ ዛሬውኑ ወታደሮቹን አውጡ። ነጭ ዱቄት ያለበትን ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ። ዱቄቱ መርዝ ነው፤ ጓንትና ጭምብል አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ልጆች አይቅረቡ፣ ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በአቼቶ ወይም በሎሚ ለማጽዳት አትሞክሩ፤ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ አሲድ ነው። ከዚያ በመስታወት፣ በብረት ወይም በአክሪሊክ ሣጥን አስቀምጡ። እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል አቆዩ። እኛ ለአንድ መደርደሪያ እርጥበት የሚመጥ 100 ግራም ሲሊካ ጄልና ተን የሚመጥ አንድ ከረጢት አክቲቭ ካርቦን እናደርጋለን፤ ካርቦኑን በየስድስት ወሩ እንለውጣለን። ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ሣጥኑ ውስጥ አታስገቡ።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ብሪቴንስ በ1930ዎቹ ያወጣቸውን የኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ከቤተሰብ የወረሳችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። እነሱም እርሳስ ናቸው። ናፖሊዮንን ለማትሰበስቡትም ይህ ምክር ይሠራል፤ እባካችሁ ቁም ሣጥኑን ዛሬ ክፈቱና እዩ። እንደገና አታስቀቧቸው፤ የመጀመሪያ ቀለማቸው ከተነካ ዋጋቸው ይወድቃል።

አዲሱ ሣጥን 288 ፓውንድ ነው፤ አንዱ ወታደር 12። ሁሉም ከአንድ አምራች፣ እርሳስ ከሌለበት ቅይጥ፣ አራት ግሬናዲየርና አራት ቮልቲዠር በትክክል የተሟሉበት፣ በብረትና በመስታወት ሣጥን። ግሬናዲየርና ከበሮ መቺ በነጠላ ስለሚሸጡ ከፉዚሊየር ይወደዳሉ። እርሳስ ሲወጣ በቦታው የሚገባው ቆርቆሮ (ቲን) ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ከእርሳስ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። የመስታወት ሣጥኑ ከኦኩ ይከብዳል፤ ፖስታ ቤት የሚያስከፍለው በክብደት ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ የቀረጥ ጥያቄ የደረሰባችሁ በእኛ ምክንያት አይደለም፤ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን ነጻ መብት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ አንሥታለች። ከጭማሪው ለእኛ የሚተርፈው ከድሮው ያነሰ ነው። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ዝም ብለን ስግብግብ ከምንባል ግን ብንናገረው መረጥን።

እኛ ማድረግ የምንችለው ይህ ነው። የኦክ ሣጥን ከእኛ ለገዛችሁ ሁሉ ባዶ የአክሪሊክ ሣጥን በነጻ እንልካለን፤ የፖስታውን ብቻ እናንተ ትሸፍናላችሁ። በእጃችሁ ያለውን ድብልቅ ሻለቃ ማስተካከል ለምትፈልጉ፣ ከተረከዝ እስከ ዓይን ያለውን ልክና የመቆሚያውን ውፍረት በሚሊሜትር ጽፋችሁ፣ ከአንድ ፎቶ ጋር ላኩልን፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቆም ያለ ክፍያ እንነግራችኋለን። 288 ፓውንድ በአንዴ የሚከብዳችሁ በሻምበል መግዛት ትችላላችሁ፤ አራት ወታደር 48 ፓውንድ። ስድስቱን ሻምበል ስትጨርሱ የመስታወቱን ሣጥን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንሰጣለን።

ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ ደንበኞች ስማችሁ አሁንም በእጅ በተጻፈው መዝገባችን ላይ አለ። ተቆጥታችሁም ቢሆን ጻፉልን፤ ዝም ብላችሁ ግን አትሂዱብን። ቀጣዩ ሻለቃ ፕራይመር (የመነሻ ቀለም) ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ እየደረቀ ነው፤ ጉቦቹን ገና አልቀባናቸውም፣ የየትኛውን ሻምበል እንደምንጀምር የምትነግሩን እናንተ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ቀለም ቀቢዎቹ
ለንደን