በዚህ ሳምንት ሳውዘርን ኦል ስታርስን እንስማ

ሰላም ወዳጆች፣

በዚህ ሳምንት የምንሰማው የጃፓኖቹን ሳውዘርን ኦል ስታርስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ባንዱ የተጀመረው ቶኪዮ በሚገኘው አኦያማ ጋኩዊን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው የወጣው በ1978 ነው። ኬይሱኬ ኩዋታ ይዘፍናል፣ ባለቤቱ ዩኮ ሃራ ኪቦርድ ትጫወታለች።

በ2008 ዮኮሃማ ላይ 30ኛ ዓመታቸውን አከበሩና ላልተወሰነ ጊዜ አረፉ። በ2010 ደግሞ ኩዋታ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተገኘበት፣ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። ለዘፋኝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ግን በ2013፣ ልክ 35 ዓመት በሞላቸው ቀን መመለሳቸውን አሳወቁ፤ በነሐሴም አዲስ ዘፈን አወጡ፣ ከዚያም ኩዋታ ባደገባት የባሕር ዳርቻ ከተማ በቺጋሳኪና ሱናሚ በጎዳው በሚያጊም መድረክ ላይ ወጡ።

እኔን የሚገርመኝ በድሮ ዘፈን ብቻ መኖር ሲችሉ አለማድረጋቸው ነው። በ2015 ከአስር ዓመት በኋላ አዲስ አልበም አወጡ፤ እንደገና አስር ዓመት ቆይተው በ2025 ሌላ ጨመሩ።

ስትሰሙ የኩዋታን ሻካራ ድምፅ ልብ በሉ፤ ጃፓንኛውን እየጎተተና እያጣመመ ነው የሚዘፍነው። ቋንቋውን ባታውቁም ስሜቱ ይገባችኋል። መጀመሪያ የ2015ቱን፣ ከዚያ የድሮዎቹን ስሙ። እስከ ቅዳሜ ማታ የወደዳችሁትን አንድ ዘፈን ከነምክንያቱ ላኩልኝ፣ እጠብቃለሁ።