የባትሪ ጉድለት በ15 ቀን አይታይም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከቦሌ እስከ ለገሃር ለሽያጭ የሚቆሙት አዳዲስ መኪኖች በብዛት የኤሌክትሪክ ናቸው። ብልሽት ሲመጣ ግን ብዙ ሻጮች «አይተህ፣ ፈርመህ ተረክበሃል» ብለው ገዢውን ይመልሱታል። ገዢውም መብት የሌለው መስሎት ዝም ይላል። መብት ግን አለው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለጫማ ይበቃል፤ ለመኪና ባትሪ አይበቃም። ባትሪው በተከታታይ የተያያዙ ብዙ ሴሎች (ትናንሽ ባትሪዎች) ስላሉት አንዱ ከደከመ የሁሉም አቅም በእሱ ይወሰናል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም። ከሳምንታት በኋላ ዳሽቦርዱ 25 በመቶ እያሳየ ዳገት ላይ ድንገት ወደ 5 ይወርዳል። በዚያን ጊዜ 15ቱ ቀን አልፏል።

ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉን መያዝ ያስፈልጋል። በአንቀጽ 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላም በአንቀጽ 2298 መሠረት ክስ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለው። «ለወደፊት ጉድለት ሻጭ ተጠያቂ አይደለም» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ቢኖርም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ዋጋ የለውም።

ማሳወቂያው በስልክ ብቻ አይሁን። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ብልሽቱ የታየበትን ቀንና የሚፈልጉትን (ጥገና፣ ቅያሪ ወይም ገንዘብ ተመላሽ) ጽፈው የዳሽቦርዱን ፎቶ ያያይዙ። ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርም፤ እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩት። ባትሪውን በኮምፒዩተር የሚያነብ ጋራዥ ሄደው የቀረውን አቅምና በሴሎች መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት በወረቀት ያውጡ። ንባቡ ሁለት ጊዜ፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለና 20 በመቶ ገደማ ሲቀረው ቢሆን ይመረጣል፤ የደከመ ሴል መሀል ላይ ይደበቃል።

ሻጩ «የቤትህ መብራት ነው ያበላሸው» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ መልሱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ቻርጀሩ የሚሰካበት መስመር ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) እንዳለው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ለክቶ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይስጥ፤ በማራዘሚያ ገመድም ቻርጅ አይደረግ። ደግሞ መኪናው ጨርሶ አልነሳ ሲል ትልቁን ባትሪ ከመክሰስ በፊት ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ያስለኩ፤ እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ቢሞላም መኪናው አይነሳም።

የፋብሪካ ዋስትና የሚባለውንም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ቻይና ውስጥ አምራቾች ለባትሪና ለሞተር ቢያንስ የ8 ዓመት ወይም የ120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መኪናው በሁለት ዓመት ወይም በ50,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ በጥራት ጉድለት በድምሩ ከ30 ቀን በላይ ጋራዥ ከቆመ ገዢው ቅያሪ ወይም ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን እዚያ ለሚገዛው ሰው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በግል አስመጪ እዚህ ሲደርስ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ድንበር አይሻገርም። እዚያ ቀድሞ ሰሌዳ ወጥቶለት «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ተብሎ የመጣ ከሆነማ ጊዜው መቁጠር የጀመረው ከዚያን ቀን ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት አስመጪው ራሱ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ የባትሪው አቅም ስንት በመቶ ሲደርስ ይቀይራል? ዕቃውን ማን ያመጣል? የእጅ ዋጋና ጉምሩኩን ማን ይከፍላል?

ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና 15 ቀኑን ማራዘም፣ አስመጪዎችም በርክክብ ዕለት የባትሪውን ንባብና የመጀመሪያ ምዝገባ ቀኑን በጽሑፍ እንዲሰጡ ማስገደድ ይገባዋል። ሁለቱም መረጃዎች አስመጪው እጅ ላይ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

ከካዛንቺስ፣ አንባቢያችሁ