ስለ ፕሮሲጀር አርጉመንቶች፦ ከድሬዳዋ የተላከ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህችን ደብዳቤ ያስጻፈኝ፣ የዳታ ዓይነትን (ቁጥር ነው ጽሑፍ የሚለውን) አጥብቀው የሚቆጣጠሩ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ለተፍታታ ሥራ አይመቹም ሲል በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ ነው። እኔ ከዚራ ለሚገኝ አንድ የትራንዚት ድርጅት ሶፍትዌር ስሠራ የገጠመኝ ወደ ሌላ መደምደሚያ አድርሶኛል።

ከጅቡቲ የገባ ጭነት የሚመዘግበው ፕሮሲጀራችን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚያከናውን የፕሮግራም ክፍል) የጆንያ ብዛትና ክብደት በኪሎ እንደ አርጉመንት፣ ማለትም ሲጠራ እንደሚሰጠው መረጃ፣ ይቀበል ነበር፤ ሁለቱም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ናቸው። አንድ ቀን እኔው ቦታቸውን አቀያይሬ በመጻፌ፣ 2,000 ኪሎ የሚመዝነው 40 ጆንያ ሩዝ፣ 40 ኪሎ የሚመዝን 2,000 ጆንያ ሆኖ ታተመ። ወረቀቱን የተቀበለው የመጋዘን ሠራተኛ «በየጆንያው አንድ እፍኝ ሩዝ ነው እንዴ የጫናችሁት?» ብሎ ሳቀብኝ። የጻፍነውን ኮድ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን ትንፍሽ አላለም፤ ኢንቲጀር ጠይቆ ኢንቲጀር ቀርቦለታልና። ብዛትንና ክብደትን ለየብቻ ዓይነት ሰጥቻቸው፣ ወይም እያንዳንዱ አርጉመንት በስሙ እንዲጻፍ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ከጠረጴዛዬ ባላለፈ ነበር። አዳ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ደረጃው ሁለቱንም ፈቅዷል፤ ሳይጻፍ ለታለፈ አርጉመንትም አስቀድሞ የተቀመጠ ዋጋ ይተካል።

የጸሐፊው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ያደረጉት የፓስካል ቋንቋ የአሬይን (የተደረደሩ ዋጋዎች ስብስብን) ርዝመት የዓይነቱ አካል በማድረጉ፣ ባለ 10 ቁጥር አሬይ እንዲደምር የተጻፈ ፕሮሲጀር ባለ 20ውን አይቀበልም ነበር። የቋንቋው የራሱ የማተሚያ ፕሮሲጀር ራይትኤልኤን ያሻውን ያህል አርጉመንት ሲቀበል፣ ፕሮግራመሩ መሰሉን እንዳይሠራ መከልከሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሲ ቋንቋ በበኩሉ የራሱን ማተሚያ ፕሪንትኤፍን ልቅ ስለተወው፣ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ቢላክ ቋንቋው ራሱ አያግድም። የጃቫ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው 5ኛ ዕትሙ፣ ዓይነታቸው ታውቆ ብዛታቸው ያልተወሰነ አርጉመንቶችን ፈቀደ፤ ሆኖም ለአርጉመንት አስቀድሞ ዋጋ ማስቀመጥን ስላላስገባ አንዱን ፕሮሲጀር በአራትና በአምስት መልክ እየደጋገምን እንጽፋለን። ኮትሊን የተባለው ቋንቋ ግን ይህን ስለሚፈቅድ ከዚህ ድካም ይገላግላል።

የኛ ፕሮሲጀር ዛሬ አርጉመንቶቹን በስማቸው ይቀበላል፤ መጋዘኑ ካልተጠቀሰም የተለመደውን ይወስዳል። ዓምዳችሁ በጉዳዩ ላይ ሲመለስ የአዳንና የኮትሊንን አሠራር ከነምሳሌው ቢያሳየን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ