ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለምን አልጠየቃችኋትም?

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

እኅቴ ለወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ስትገባ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ መድኃኒት አለርጂ፣ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር ተጠይቃለች። ለወራት እንቅልፍ በዓይኗ አለመዞሩን፣ ከሰው መሸሿን፣ «እንደዚህ ከመኖር ሞት ይሻላል» ማለት ማዘውተሯን ግን የጠየቃት የለም። ይህን ለክፍሉ ኃላፊ በቃል፣ ለእርስዎ ቢሮ በጽሑፍ አቀረብኩ። ያገኘሁት መልስ «ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል» የሚል ብቻ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተነሣችው ኤምአርአይ ላይ ነርቧን የሚጫን ነገር እንደሌለ ተነግሮናል። እርሷ ግን ዛሬም ያለ ማስታገሻ ቀና ማለት አልቻለችም። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ ፋይሉን እየዘጋ «ጭንቀት ነው» አላት። ጭንቀት ከሆነ ጀርባዋ ከመከፈቱ በፊት ለምን አልተፈለገም? አሁንስ ስሙን ነግሮ ከመሸኘት በቀር ምን ተደረገላት?

በድብርትና በጭንቀት ውስጥ ሆኖ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ሕመሙ የመቆየት ዕድሉ ከፍ እንደሚል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለጀርባ ሕመምተኞች የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ጫና መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አለ። በሰፊው የሚሠራበት የድብርት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ27 ይታረማል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ታካሚው በባለሙያ መታየት አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት ነው። ያን ጥያቄ አንድ ሰው ቢያነብላት ኖሮ እኅቴ አትደብቅም ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ «ልምድ ያለው ሐኪም አይቶ ይለያል» ብለውኛል። አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞችን ግምት ከመጠይቅ ውጤት ጋር ሲያነጻጽር፣ ከፍተኛ ጫና ካለባቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ በሐኪሞቹ ዓይን አልታዩም። ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይጠነክራል፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ቀዶ ሕክምናው እንዳይቀርበት ይፈራል።

ጫና የተገኘበት ሰው ቀዶ ሕክምና ይከልከል አላልኩም፤ ያ ሌላ በደል ይሆናል። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም እግሩ እየሰነፈ የሚሄድ ታካሚ ለመጠይቅ ሲባል ሊዘገይ አይገባም። ተራ የሚጠብቁት ግን ለወራት ይጠብቃሉ፤ በእነዚያ ወራት አእምሯቸውም ሊታከም ይችላል።

መጠይቁ ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሚደረጉ ምርመራዎች ጋር ግዴታ ይሁን። እኅቴም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል በዚህ ሳምንት ትላክ። መልስዎን በፊርማዎ፣ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።